ተራው የማን ነው

ፈረንጅ አራዳ፣ ስልክ ከምጠግንባት ከጠባቧ ቤት፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሐምሌ ሌሊት፣
ሰንጠረዥ ፈጠርኩኝ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
እንቅልፍም ሳይዘኝ።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ አንዷ ቁልፉ ወልቃ የለችም፤
ፕሮግራሙ ግን ታዛዥ ነው፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም።
ሰሌዳ ስጪኝ አለኝ፤ ሰጠሁት፣ ዘጠኝ በዘጠኝ።
ማን በየት ይሂድ አለኝ፤ ጻፍኩለት እንደታየኝ።

ፈረሱን እንዳለ ተውኩት፣ የጅሬን ፈረስ ነውና፣
ማንስ ያስተምረዋል ደግሞ መዝለልን እንደገና?
ዝሆኑን አሰናበትኩ፤ በቦታው ገባ ጉሬዛ፣
ጥቁር ገላ፣ ነጭ ጥለት፣ ጭራው ከአካሉ የበዛ።
ሕጉ እንዲህ ነው፦ ባዶ መሬት አይረግጥም፣
አጠገቡ ሌላ ከሌለ አርፎ አይቀመጥም፤
ከትከሻ ወደ ትከሻ፣
ወዳጅ ይሁን ጠላት አይልም፣ ብቻ ያግኝ መድረሻ።

በመሀል አዌቱን አፈሰስኩ፣
ያንኑ ቡናማውን፣ የፌስታል ጓዙን ተሸክሞ
በየድልድዩ ሥር የሚያልፈውን አጎንብሶ፣ አጉረምርሞ።
በየአስረኛው ተራ ይሞላል፤
ውስጡ ቆሞ ያገኘውን ጠርጎ ይወስዳል።
እስከዚህ ድረስ አምሯል።

«ከራስህ ጋር ተጫወት» አልኩት፣ «አንድ ሺህ ጊዜ፣ እስከ ጠዋት።»
ተኛሁ። መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ባትሪው እንደምንም ቻለበት።
ስነቃ፦ አሸናፊ የለም። ተሸናፊም የለም።
ሺህ ጨዋታ ተጀምሯል፣ አንዱም አላለቀም።

አንዱን ከፍቼ አየሁ። በዘጠነኛው ተራ
ንጉሡ ብድግ አለ፣ ማንም ሳይጠራ፣
ወርዶ ወንዙ መሀል ቆመ፤
በአስረኛው ውሃ መጣ፣ ንጉሡ ሰጠመ።
«ንጉሡ የተበላበት ይሸነፋል» ነበር የጻፍኩት፤
ስለ መስጠም ግን ምንም አላልኩት።
ማሽኑ እንግዲህ ይህችን ቀዳዳ አገኘ፣
ጠላት ከሚነካው፣ ጎርፍ ቢወስደው ተመኘ።

ለጋሽ አባመጫ ነገርኳቸው፣ ከጎኔ በርጩማ ለሚጠርቡት፣
ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር፣ ሦስት እግር ለሚያወጡት።
እስኪያስላቸው ሳቁ። «ብልጥ ነው» አሉ፣
«ሰው ቢሆን ኖሮ ይሾሙት ነበር፣ ቶሎ።»
ከዚያ መጥረቢያቸውን ጣል አድርገው፦
«እኛ ግን ስንጫወት፣ በአባቴ ጊዜ፣
ሲጀመር ተራ የሚባል አልነበረም።
እኩል ነበር የምንጀምረው፣ እንደየእጃችን ፍጥነት፣
አንዱ አንዱን እስኪበላ ድረስ፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ሰልፍ።
ያኔ ነው የሚመጣው ተራ።
እስቲ ማሽንሽ ይህን ይሥራ።»

ንጉሡ ቀላል ነበር፤ አንዲት መስመር በቃች፦
«የሰጠመም ተበልቷል።» ያቺ ሁሉ ጨዋታ አለቀች።
የእሳቸውን ግን ሦስት ሌሊት ሞከርኩ፣
ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ።
ተራ ካልሰጡት መተንፈስ አያውቅም፤
እየሮጡ የሌላውን እጅ በዓይን መስረቅ
እሱ ዘንድ ስም እንኳን የለውም።

ቅዳሜ ሰሌዳ ይዘው መጡ፣ ከዋንዛ፣
መሀሉ ላይ ቦይ የተፈለፈለበት፣ ከነአራት ጉሬዛ፤
ነጭ ጭራቸው ካረጀ የጥርስ ብሩሽ የተነቀለ።
«የቱን አያት ነው የላጩት?» ብላቸው፣
«የራሴን ነው፣ ጥርሱ አልቋል፣ ብሩሹ ምን ቀረው?» አሉ።

«በይ!» ሲሉ ጀመርን።
እጄና እጃቸው ወንዙ ላይ ተጋጨ፣
አንድ ወታደር ተንከባሎ በርጩማው ሥር ተቀረቀረ።
ማን ቀደመ? እሳቸው እኔ ይላሉ። እኔም እኔ።
የመቀመጫዬ አንድ እግር አጥሮብኝ ዘመምኩ፤
ሆን ብለው ነው ያሳጠሩት፣ አሁን ገባኝ።

ከጥግ ላፕቶፑ ታግሦ፣
ብርሃኑን ቀንሶ፣
«ተራው ያንቺ ነው» ይላል።
ዝናቡ ያባራ መስሎ ይመለሳል።